ደወል ያልደወለችው ነብር

«ጎረቤትህን ባታየውም በሩን አትድፈንበት» ይል ነበር አባቴ ሁልጊዜ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። አባቴ የራጉኤልን ደብር ደን ይጠብቅ ነበር። ሲመሽ ገብቶ የባሕር ዛፍ ፍሙን እየቆሰቆሰ፣ ኩራዙ ጥላሸቱን ወደ ጣሪያው እየለቀቀ፣ ደኑ ውስጥ የምትኖረውን የነብሯን ነገር ያወራልን ነበር። ያኔ ነብር ማለት ለእኔ ጥርስ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ባሏ ስለሞተባት ጎረቤት የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው፤ ጅብ ጠረናቸውን እንዳያገኝ በየጥቂት ቀኑ በአፏ ይዛ ከዋሻ ዋሻ ታዞራቸዋለች፤ የአንዷ ነጠብጣብ ከሌላዋ አይገጥምም። «የጭራዋ ጫፍ ከታች በኩል ነጭ ነው» ይለን ነበር፤ «ስትሄድ ቀና ታደርገዋለች። ልጆቿ ሣሩ ውስጥ እሱን እያዩ ይከተሏታል።»

ድሮ ሰው ሲያሳድዱት ደብር ገብቶ ደወል ከደወለ ማንም አይነካውም ነበር። አባቴ ደኑ ውስጥ የገባ አውሬም እንደዚያው ነው ባይ ነበር።

ባለፈው ክረምት ዛሬ በዚያው ደን የምትኖር ነብር የጎረቤቴን የታደሰን ፍየል በላች። ታደሰ የተረፈው ሥጋ ላይ መርዝ ሊነሰንስ ተነሣ፤ ተመልሳ መምጣቷ አይቀርማ። እኔ አልተማርኩም፣ ክርክርም አላውቅበት። የመጣልኝ የአባቴ ነገር ነው።

«ተዋት እባክህ፣ ደብር የገባች ናት» አልኩት።

«ደወሉን ደውላለች?» አለኝ። ወሬውን ሰምቶ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ።

«እሷ እጅ የላትም፤ እኔ እደውልላታለሁ።» ሳቁ ባሰ። እኔ ግን በረት ገብቼ ያለችኝን አንድ ፍየል ጎትቼ አወጣሁ። «እንካ። መርዙን ስጠኝ።»

ታደሰ ፍየሏንም እኔንም አየና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቁርጥ አባትህን!» ብሎ ፍየሏን ተቀብሎ መርዙን ሰጠኝ። መርዙንም ሥጋውንም አርቄ ቀበርኩ። በማግሥቱ ነብሯ እንዳትገባበት አብረን የእሱን በረት ጣሪያ አለበስነው።

ከዚያ በኋላ ለወራት ዱካዋ ጠፋ። ሌላ ቦታ ሌላ መርዝ አግኝቷት ይሆን እያልኩ ሰጋሁ። ጠዋት ጠዋት ራጉኤል ስሳለም፣ ስም የላትምና፣ «ያቺን አደራ» እያልኩ እለምንላት ነበር።

በቀደም ደኑ ዳር ከዛፍ ላይ ካሜራ የምታወርድ የማላውቃት ወጣት አገኘሁ። አውሬ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሣ ነው። ነብር አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላት ፈገግ ብላ ካሜራውን አስይዛ ፎቶ አሳየችኝ። ነብሯ በረጅሙ ሣር መሀል ስታልፍ። አማተብኩ። እንባዬም መጣ። አባቴ ርስት አላወረሰኝም፤ የተወልኝ ያችን የፍም ዳር ወሬ ነው፣ እሷም ይኸው ለአንዲት ነፍስ ደረሰች፣ ይበቃኛል ብዬ ካሜራውን ስመልስላት ልጅቷ አልተቀበለችኝም።

«ቆይ ጋሼ፣ ጭራዋን ቀና ያደረገችው እኮ ያለ ነገር አይደለም፤ እስቲ ከኋላዋ ሣሩን ይዩት» አለችኝ።