ከአስፋልቱ ማዶ የመጣ ልጣጭ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሂዳያን የማያውቅ የቆሻሻ ጋሪ ገፊ የለም። ፌስታልና ልጣጭ ቀላቅላ ያወጣች ጎረቤት ካየች እጅጌዋን ሰብስባ ራሷ ትለያለች፤ እየለየችም ትቆጣለች። ቀወት ገጠር ተወልዳ ያደገች ሴት ናትና የማንጎ ልጣጭ ሲጣል ማየት ያንገበግባታል። በሰፈሯ ደንቡም ከእሷ ጋር ነው፤ እርጥቡ ለብቻ፣ ፌስታሉ ለብቻ። የተቀላቀለ ጆንያ ጋሪው አያነሳም።

እናቷ ጣይባ ገጠር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ያለቻቸው አንዲት ላም ናት። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሣር ማጨድ ስላቃታቸው፣ ሂዳያ ልጣጩን በጆንያ እየሞላች ከገበያ በሚመለስ ባጃጅ ትልክላቸዋለች። እሳቸውም በዳበሳ ገንዳው ውስጥ ይገለብጡታል። የላሚቱ ወተት በልጣጩ ጨመረ፤ ጣይባ ከዚያ ወተት ሌላ የረባ መተዳደሪያ አልነበራቸውም።

የሂዳያ ጓደኛ ፋዲላ ቤት ቀይራ ከአስፋልቱ ማዶ ከገባች በኋላም ለላሚቱ ልጣጭ ማጠራቀሟን አልተወችም። ሂዳያ ደስ አላት፤ የፋዲላን ጆንያ አፉን እንኳ ሳትፈታ ባጃጁ ላይ ታስጭነዋለች። ለምን ትፍታው? ፋዲላ እኮ ልጣጭ መለየት የተማረችው ከእሷው ነው።

ላሚቱ መብላት አቁማ ሆዷ ተነፋ ተብሎ ሂዳያ ስትደርስ፣ መንደርተኛው አንዋር ሳትሞት ትታረድ ብሎ በቢስሚላህ አርዷት፣ ሆዷን ከፍቶ አገኘችው። ከውስጥ የወጣው እንደ ድንጋይ የጠጠረ የፌስታል ክምር ነበር። አንዳንዱ ፌስታል ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም።

እዚያው ቆማ ለፋዲላ ደወለች። በእነፋዲላ ሰፈር እርጥብ ቆሻሻ በፌስታል ተቋጥሮ ካልሆነ ጋሪው አይቀበልም፤ መንገድ ላይ ያንጠባጥባል ይላሉ። ፋዲላም የላሚቱን ድርሻ እንደዚያው በፌስታል እየቋጠረች ጆንያ ውስጥ ስትከት ከርማለች።

"አንቺ እየፈታሽ የምትልኪው መስሎኝ ነበር" አለች ፋዲላ።

ወይ ጉድ! በሂዳያ ሰፈር ክልክል የሆነው በእነፋዲላ ሰፈር ግዴታ ነው። በመካከላቸው ያለው፣ ባጃጅ ሳያስበው የሚሻገረው አንድ አስፋልት ብቻ ነው።

ጣይባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የላሚቱን ጥጃ ይደባብሳሉ። ከላሚቱ ሆድ የወጣውን የነገራቸው የለም። የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ያንቺ ልጣጭ ባይኖር ይቺ ላም ድሮ ነበር የምትሞትብኝ። ሰሞኑን መብላት እምቢ ስትለኝ እንኳ ጣፋጭ ትወዳለች ብዬ ልጣጩን ጨመርኩላት" አሉ። "አሁን የቀረችኝ ጥጃዋ ናት። አላህ ይስጥሽ፣ ለእሷም ላኪልኝ።"

ሂዳያ እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለች።

"እማ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት" አለች፤ የሆነውንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

ጣይባ በዳበሳ የጥጃዋን አንገት ፈልገው ወደ ራሳቸው ሳቧት።