ላስቲክ የለበሰው ትራንስክሪፕት

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ያቅተኝ ነበር። ከቂርቆስ ተሳፍሬ ካዛንቺስ ልወርድ ስል ሌላ ሰው እስኪናገር እጠብቅና፣ እሱ በወረደበት ወርጄ ያለፈኝን መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ። ዩኒቨርሲቲ የቀየርኩትም በዚሁ ጠባዬ ነው። ለሰው ሁሉ «አየሩ አልተስማማኝም» ብያለሁ። ክፍለ ሀገር የነበርኩበት ዩኒቨርሲቲ አየሩ ምንም አልነበረውም። ስምንት ሆነን በምንተኛበት ክፍል «መብራቱን አጥፉልኝ» ማለት ሁለት ዓመት ሙሉ አቅቶኝ፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው የመጣሁት።

ካዛንቺስ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ሊቀበለኝ ፈቀደ። የተማርኳቸው ሃያ ሁለት ኮርሶች ከተያዙልኝ ሦስተኛ ዓመት እገባለሁ፤ ካልተያዙልኝ ከአንደኛ ዓመት እጀምራለሁ። እናቴ ደግሞ ሦስተኛ ዓመት መግባቴን ለጎረቤቱ ሁሉ ቀድማ አውርታ ጨርሳለች። ከእኔ የሚጠበቀው የድሮውን ዩኒቨርሲቲዬን ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ማቅረብ ብቻ ነበር።

የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሠራተኛ ሁለቱን ገጽ በትልቅ ካኪ ፖስታ ከትቶ አሸገው። ክዳኑ ላይ ፈረመ፤ ፊርማው ላይ ማኅተም መታበት። ለወትሮው ከቢሮ ወደ ቢሮ እንጂ ለተማሪ በእጅ እንደማይሰጥ፣ ለእኔ የሰጠኝ የምዝገባው ጊዜ ስላጠረ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። «ማኅተሙ ከተነካ ዋጋ የለውም» ብሎም አስጠነቀቀኝ።

ሌላ ተማሪ ቢሆን ቦርሳው ውስጥ ይከተው ነበር። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌው መጣሁ። አዲስ አበባ ስገባ ዝናቡ አላቋርጥ ብሏል። አንዲት ጠብታ ማኅተሙ ላይ ብታርፍስ? ቀለሙ ቢለቅስ? በማግስቱ ጠዋት ኮሌጁ አጠገብ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁና ላስቲክ አልብሶ ላሚኔት እንዲያደርግልኝ ሰውየውን ጠየቅኩት። ፖስታውን አገላብጦ አየው።

«ፖስታውን ነው ውስጡን?» አለኝ።

ሲጠይቀኝ ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ጠርጥሬያለሁ። ግን «ፖስታውን» የሚለው ቃል ቀድሞ ከአፌ ወጣ፤ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት ደግሞ ሌላ ንግግር ይጠይቃል። ማሽኑ ፖስታዬን በአንድ በኩል ዋጠና በሌላው በኩል የሚያብረቀርቅና ሞቅ ያለ አድርጎ ተፋው። እንዲያውም ትንሽ ኮርቻለሁ።

የኮሌጁ ሬጅስትራር መስኮት ላይ የነበሩት መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ፖስታውን በሁለት ጣታቸው አነሱት።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ትራንስክሪፕት ነው።»

«እሱንማ አየሁ። ላስቲኩን ነው የጠየቅሁሽ።»

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አቅጣጫ በጣቴ ጠቆምኩ። እሳቸው ግን ደግ ነበሩ፤ ሥራቸውን ለመቀጠል ሞከሩ። በኮሌጁ አሠራር ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ጀርባው ላይ የገቢ ማኅተም ይመታበታል። መቱበት። በአውራ ጣታቸው ሲነኩት ቀለሙ ተጠረገ። ደግመው መቱት፤ ደግሞ ተጠረገ። ከኋላቸው የተቀመጠው ባልደረባቸው ወረፋው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ ፍሬም ይግባለትና ሳሎን ይሰቀል አለ። ወረፋው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም የእኔ ሳቅ ከሁሉም ረዘመ።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ የነገሩኝ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ፖስታ ከፍተው ገጽ የሚቀይሩ ተማሪዎች ያጋጥሟቸዋል። የተነካ ክዳን በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፤ ላስቲክ የለበሰን ክዳን ግን ማንም ሊዳስሰው አይችልም። ምዝገባው በማግስቱ ያበቃል፤ ሌላ ትራንስክሪፕት እስኪመጣ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ፖስታውን ይዘው፣ እኔን አስከትለው ፎቅ ላይ ወዳሉት የሬጅስትራሩ ኃላፊ ወጡ።

ደረጃው ላይ ስለ ዝናቡ የምናገረውን ተለማመድኩ። ኃላፊው ጠጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው አጭር ሰው ናቸው። ስለ ዝናቡ ምንም አልጠየቁኝም።

«ከፍተሽዋል?»

«አልከፈትኩም።»

«አለመክፈትሽን በምን ልወቅ?»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ።

«ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ዲዋን አጠፋት ነበር» አልኩ።

«የምን ዲ?»

«የሒሳብ።»

ኃላፊው ፈገግ ያሉ ይመስለኛል፤ ዓይኔን ከወለሉ ስላላነሳሁ እርግጠኛ አይደለሁም። ቀጥሎ የመቀስ ድምፅ ሰማሁ። ፖስታውን ከክዳኑ በተቃራኒ በኩል ቆረጡት፤ ሁለቱን ገጽ አወጡና በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «አለች» አሉ ለሴትዮዋ። ከሲ በታች ያመጣሁበት ኮርስ እንደማይያዝ፣ ሒሳብን ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር እንደምደግም፣ የቀሩት ሃያ አንዱ ግን እንደተያዙልኝ ነገሩኝ። ሦስተኛ ዓመት ገባሁ። ደስ ብሎኝ ምስጋናዬን አንድ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።

ለእናቴ ስለ ሒሳቡ አልነገርኳትም። ይህን ያህል ጥንቁቅ ነኝ፤ የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ኮሌጅ አንደኛ ዓመት መመዝገቧን ግን አላጣራሁም። በመጀመሪያው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንቺ ሦስተኛ ዓመት አይደለሽም እንዴ?»

ነኝ ብዬ ዝም ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ዲ ማምጣቴን፣ ኮርሱ አለመያዙን፣ የፖስታውን ነገር ሳይቀር ዘረገፍኩላት። ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ስንቱን ነው የያዙልሽ?» አለችኝ።

«ሃያ አንዱን።»

«ከስንት?»

«ከሃያ ሁለት።»

«ታዲያ የሃያ አንዱን ወሬ ለማን አስቀመጥሽው?» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጎረቤት ሄደች።