ስም የሚፍቅ ወረቀት

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ አናጢ ነበርሁ። መዳፍ የምታህል የኤሌክትሪክ እንጨት ማለስለሻ ማሽን አግኝቼ፣ የሚስማማትን የብርጭቆ ወረቀት ልመርጥ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ሻካራውንና ለስላሳውን በአውራ ጣቴ እየዳሰስሁ ሳለ፣ ካኪ የለበሰ ሰው አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ከሌላ ቀበሌ የመጣ የአብዮት ጥበቃ ነው።

«እንጨት ላይ የተቀረጸ ስም ምልክት ሳይተው የሚያጠፋው የትኛው ነው?» አለኝ።

ጥያቄው አላማረኝም። «በስድሳ ቁጥር ይጀመራል፣ መቶ ሃያ ይከተላል፣ በሁለት መቶ አርባ ያልቃል» አልሁትና ሦስቱንም ገዝቼ ወጣሁ። ተከተለኝ። ስፈጥን ይፈጥናል፤ የጫማዬን ክር ላስር ስቆም እሱም ይቆማል።

ሥራ ቤቴ ስንደርስ ከጆንያ ውስጥ የጠመንጃ ሰደፍ አወጣ።

«ደቅ ደሴት ላይ፣ ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ተደብቆ የተገኘ ነው። ለእኔ ተሰጠኝ። የሰው ስም ተሸክሜ አልዞርም፤ ፋቅልኝ።»

«ባለቤቱስ?» አልሁት።

«ስሙ ውቤ ነው። ደቅ ውስጥ ስንት ውቤ አለ፤ የትኛው እንደሆነ እያጣራን ነው።»

ስድሳ ቁጥሩን ማሽኗ ላይ እየገጠምሁ ፊደሎቹን አየኋቸው። ያችን የተጣመመች «ው» አባቴ ደቅ ቤታችን ደጃፍ በቢላዋ ሲቀርጻት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። መሣሪያ አስረክቡ የሚለው አዋጅ ሲወጣ ጠመንጃውን ሐይቅ ውስጥ ጣልሁት ብሎ ምሎልን ነበር።

ፊቴን ወደ ሰደፉ ደፍቼ ማሽኗን ቶሎ አስነሳሁ። ሰውየው ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«እኔ የምልህ፣ ስምህ ከነአባትህ ማን ነው?»