ጂፕሱ እስኪደርቅ

ጅማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጂፕስ ክፍል ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ አለቃዬ ጋሽ ደምሴ የነከርኩትን ፋሻ ከእጄ ነጠቁኝ። «አንተ ቅብጥብጥ፣ ጉንዳን ወረረህ እንዴ? ጂፕስ በችኮላ አይደርቅም። እስኪደርቅ ቁጭ በልና በሽተኛውን አጫውት።»

ጥጥ መጠቅለሉን፣ ፋሻውን ለብ ባለ ውሃ መንከሩን፣ በመዳፍ ማለስለሱን ቶሎ ለመድኩ። ቁጭ ማለቱን ግን፣ አቦ፣ እስከ ዛሬ አልቻልኩበትም።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ከአሰንዳቦ መጡ። ቡና የሚሰጣበትን አልጋ ተደግፈው ሲነሱ የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ዶክተሩ ራጁን አይቶ፣ «አጥንትዎ ለዕድሜዎ በጣም ሳስቷል። ይሄ ነገር በዘር ይሄዳል። እናትዎ ወይም እህትዎ ተሰብረው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«በእመቤቴ! የእኛ ዘር ንጹህ ነው» አሉ ቆጣ ብለው። ልጃቸው ምህረት አጠገባቸው ቆማለች። ሰርጓ ደርሷል።

ጂፕሱን አሰርኩላቸው። ጂፕሱ እየጠነከረ መሞቅ ሲጀምር ምህረትን ውሃ ግዢ ብለው ላኳት። «እህት አለዎት እንዴ?» አልኳቸው እንደ ዋዛ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«እናቴ ጎብጣ ነው የሞተችው። እህቴ ከበርጩማ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። የወንዱ ወገን ከሰማ ‹ዘሯ ስባሪ ነው› ብሎ ልጄን ይተዋታል። አደራ ወንድሜ፣ እንዳትናገር።»

ከበር እስከ መስኮት ተመላለስኩ። ተናደድኩም፣ አዘንኩም። «እኔስ አልናገርም፤ እርስዎ ይንገሯት እንጂ። ምናልባት አልወረሰችው ይሆናል። ከወረሰችም በጊዜ ሲታወቅ ብዙ የሚደረግላት ነገር አለ። የማታውቀውን እንዴት ትጠንቀቀው?»

«ባሏን ብታጣስ?»

እንደ ምንም በርጩማ ስቤ ቁጭ አልኩ።

ምህረት ስትመለስ እትዬ አስካለ፣ ነገሩ ልባቸው ገብቶ ነው መሰል፣ በደህና እጃቸው ያዟትና ሁሉንም ነገሯት። ልጅቷ ሰምታ ሰምታ ስልኳን አወጣች። «እማዬ፣ የሚተወኝ ከሆነ አሁኑኑ ይተወኝ።» ሰርቦ ከተማ ላለው እጮኛዋ ለገመቹ ደወለች። ሁላችንም እንድንሰማ ላውድ ላይ አድርጋ አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

እኔ እግሬ አላርፍ አለኝ። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ታዲያ ምርመራው መቼ ነው?» አለ ገመቹ። «እኔ ነኝ የምወስድሽ። በሞተር ግን አይሆንም፣ ትወድቂብኛለሽ። መኪና እለምናለሁ።»

አሁን ለተለማማጆች የምነግራቸው ይህንን ነው። ስለ ቤተሰብ ስብራት ስትጠይቁ «የለም» ቢሏችሁ አትለፉት። ጂፕሱ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ቁጭ ብላችሁ።