ጓዳ የቀረችው እህት

ልጅ ሳለሁ ሐይቅ ዳር ዘንዘልማ በሚገኘው ቤታችን የሆነውን ይህን ነገር ስጽፍ፣ ተሳስቼ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ቀኖቹን የማስታውሳቸው በበዓላት ነው፤ የአንዱን ዓመት ክረምት ከሌላው ጋር ቀላቅዬው ይሆናል። የሰዎቹን ንግግር ግን ለብዙ ዓመት በልቤ ስመላልሰው ስለኖርሁ ብዙ አላዛባሁትም ብዬ አምናለሁ።

የእናቴ አባት ከበለሳ የመጡ ሰው ነበሩ። በለሳ ዝናብ የሚያንስበት ቆላ ነው፤ እዚያ ሲያርሱ ኖረው ዓይናቸው ሲደክም እናቴ ወደ እኛ አመጣቻቸው። ያኔ በሰፈራችን መብራት አንድ ቀን ከመጣ ሁለት ቀን ይጠፋ ነበርና፣ ማታ ማታ ኩራዝ ለኩሰን ምድጃው ዙሪያ ስንቀመጥ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ፍሙ መልሰው ተረት ይነግሩን ነበር። ከራሳችን በላይ የዘር በቆሎው ሁለት ሁለት ራስ እየሆነ ታስሮ ከወራጁ ላይ ተንጠልጥሏል። ነቀዝ እንዳይገባው ዓመቱን ሙሉ ጢስ እየጠጣ ይጠቁራል።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አብዝተው የሚነግሩን የዝናብን ነበር። «የመጀመሪያው ዝናብ ሽማግሌ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ። ሙሽራው ገና ነው» ይሉና ይጀምራሉ። አንድ ችኩል ሰው ሽማግሌዎቹ በመጡ በመጀመሪያው ቀን ልጁን ሰጠ፤ ልጅቱም ኩል ተኩላ፣ ተሸልማ በር ላይ ተቀመጠች። ሙሽራው አልመጣም። አሥራ ሰባት ቀን ፀሐይ ላይ ጠብቃ እንደ ቅጠል ጠወለገች፣ ሞተች። ተረቱ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እሳቸውም ምንም ምክር ሳይጨምሩበት እንጨቱን ወደ እሳቱ ይገፉታል።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት የእርሻችን እኩሌታ ቤት ተሠርቶበት፣ የቀረችን ከመንገዱ ቦይ በላይ ያለችው ማሳ ብቻ ነበረች። ዘራችንም ያ ምድጃው ላይ የተንጠለጠለው ብቻ ነበር። እሱ ከተበላሸ የምንዘራው የለም፤ የምንበላውም የለም። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ አባቴ ግን ሲገባና ሲወጣ ቀና ብሎ ዘሩን ያየው ነበር።

በግንቦት ጊዮርጊስ አካባቢ ሦስት ቀን ጥሩ ዝናብ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጎረቤቶቻችን በሬ አወጡ። አባቴም ሞፈር ቀንበሩን አዘጋጅቶ አያቴ ፊት ቆመ።

«አባባ፣ እንግዲህ ልዝራ።»

«ሽማግሌ ነው የመጣው» አሉ አያቴ።

«ይህ እኮ በለሳ አይደለም። እዚህ ደጃችን ላይ ባሕር ተኝቷል።»

«ባሕሩ ለዓሣው ነው። የአንተ በቆሎ ያለው ሰማይ ነው።»

ከውጭ በኩል ጎረቤታችን በሬዎቹን እየነዳ ሲያልፍ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ሙሽራ ነው የምትጠብቅ? ወይስ አማትህ ሚዜ አርገውሃል?» ብሎ ሳቀ። የአባቴ አንገት ሲቀላ አየሁ። እናቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። አባቴና አያቴ በአንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ሲጋጩ ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁ።

በመጨረሻ አያቴ፣ «መሬቱ ራሱ ይናገር» አሉ። «ልጁ ይሂድና ይቆፍር። እርጥበቱ እስከ ክርኑ ከገባ ዝራ፤ አልከራከርህም።» ወደ እኔም ዞረው፣ «አንድ ቦታ አትመን። ከራስጌው፣ ከመሀሉ፣ ከግርጌው ቆፍር» አሉኝ።

መሀሉን ቆፈርሁ። አራት ጣት ያህል እንደወረድሁ መሬቱ ደረቅ ሆነ፤ ጥፍሬ ታመመ። ራስጌውም ያው ነበር። ከዚያ ወደ ግርጌው ወርጄ ከማሳው ዳር፣ ጎርፉ ከመንገድ ገብቶ ከሚተኛበት ቦይ ውስጥ ክንዴን ሰደድሁት። ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ እስከ ክርኔ ገባ። ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ስንፍና ነው እላለሁ፤ ወይም የአባቴ የቀላ አንገት ነው፣ ጠቡ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጌ ነው። ምናልባት ሁለቱም ነው።

«እስከ ክርኔ ገባ» አልሁ።

«ሦስቱም ቦታ?»

«ሦስቱም።»

አያቴ ክንዴን ያዙ። ከእጄ አንጓ ጀምረው እስከ ክርኔ ዳሰሱኝ፤ ከጭቃው ቆንጥረው በሁለት ጣታቸው መሀል ፈተጉት፤ ደግመው ፈተጉት። አባቴ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይሁን» አሉ። «ልጁ አየሁ ካለ ዝራ።»

ያን ማታ ዘሩን አውርደን ፈለፈልን። አባቴ በጠዋት ለመነሳት ቀድሞ ተኝቶ ነበር። አያቴ ራሶቹን እያነሱ በአውራ ጣታቸው ፍሬውን ወደ ሰፌዱ ሲያረግፉ፣ ፍሙ የጢሱን ጥላሸት በጣቶቻቸው ላይ ያሳየኝ ነበር። ያንኑ ተረት ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ልጅቱ ተዳረች፣ አሥራ ሰባት ቀን ጠበቀች፣ ሞተች። ነገር ግን ያን ማታ ተረቱ አላለቀም። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሙሽራው መጣ፤ ታናሽ እህቷን ከጓዳ አውጥተው ዳሩለት።

«አባባ፣ እህት አልነበራትም እኮ» አልሁ።

«ነበረች። ጓዳ ስለሆነች ነው ያላየሃት።»

አባቴ ዘራ። በማግስቱ ሰማዩ ጠራ፤ ከዚያም ጠርቶ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በላይ ደመና ይቆለላል፤ ማታ ላይ ይበተናል። ቡቃያው በሳምንቱ ወጥቶ ጥቂት ቀን አረንጓዴ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ ቅጠሉ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ተጠቀለለ። በመንገዱ ከሚያልፉት ሚኒባሶች የሚነሳው አቧራ ላዩ ላይ ያርፋል። እኔ ምግብ አልበላ አለኝ። በየጠዋቱ ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ጆሮዬን ወደ ቆርቆሮው ማቆም ነበር፤ ጠብታ አልሰማም።

አንድ ቀን አባቴ አንዱን ቡቃያ ነቅሎ መጥቶ ደጃፉ ላይ አስቀመጠው። ቀና ብሎም አየኝ።

«አንተ፣ እስከ ክርኔ አላልህም?»

እውነቱን ለመናገር ከንፈሬን የከፈትሁ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ አይደለሁም። አያቴ ቀደሙኝ። «ልጁን ተወው። መሬቱ ረጥቦ ነበር፤ የዋሸው ሰማዩ ነው።»

ለሰኔ ሚካኤል ዘነበ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀንም አላቋረጠም። አባቴ ባዶ ማሳውን እያየ በር ላይ ተቀምጦ ሳለ እናቴ ከጓዳ ቅል ሙሉ ዘር ይዛ ወጣች። «ከወረታ እህቴ የላከችው ነው» አለችው። ተቀብሏት ወደ ማሳው ሊወጣ ሲል እፍኝ አንስቼ አሸተትሁት፤ ጢስ ጢስ ይላል። የወረታ ሰውም እንደ እኛ በቆሎውን ምድጃ ላይ ይሰቅላል ማለት ነው ብዬ አለፍሁት። ምርቱ ዘግይቶ ደረሰ፤ ብዙም አልነበረም፤ ግን በላን። አያቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያርፉ የቦዩን ነገር አልነገርኋቸውም ነበር።

ዛሬ ሥራዬ የደረቅ ቆላ አገሮችን የዝናብ መዝገብ ማገላበጥ ነው። ዝናቡ መቼ እንደሚጀምር፣ ከጀመረ በኋላ ስንት ቀን እንደሚያቋርጥ፣ የትኛው ጅማሬ እውነተኛ የትኛው አታላይ እንደሆነ እቆጥራለሁ። ዓመቱን ሙሉ የወደቀው ውኃ ከሌላው ዓመት እኩል ሆኖ፣ በመሀል የገባው ደረቅ ቀን ብቻ አንድን ቤት ጦም ሊያሳድር እንደሚችል ከመዝገብ በፊት ያወቅሁት ከምድጃ ዳር ነው። የአንድ ዝናብ መለኪያ ጣቢያን ልኬት ብቻውን አላምንም። ባልደረቦቼ በዚህ ይቀልዱብኛል።

የዚያን ዓመት መዝገብም አወጣሁ። እኔ አሥራ ሰባት ደረቅ ቀን ብዬ ነበር የማስታውሰው። መዝገቡ ላይ መሀል ላይ አንድ ቀን ካፊያ አለ፤ ስለዚህ አሥራ ሰባት አይሞላም። ቁጥሩን ከተረቱ ወስጄ ማሳው ላይ ለጥፌው ኖሯል።

ይህን ካየሁ በኋላ ሌላውንም መጠራጠር ጀመርሁ። ወረታ ሄጄ አክስቴን ስለ ዘሩ ጠየቅኋት። «የምን በቆሎ?» አለችኝ። «እኛ ያኔም ዛሬም ሩዝ ነው የምንዘራ።»

እናቴ ይህን ስነግራት ሳቀች። «አባባ ክንድህን የዳሰሱ ዕለት ማታ ነው ከዘሩ ከፍለን ጓዳ ያስቀመጥነው። ቢከለክሉትም አባትህ በጎረቤቱ ሳቅ ተገፍቶ ይዘራው ነበር። ‹ከእህቴ ነው በይው፤ አማቴ አተረፉኝ ብሎ አንገቱን እንዳይደፋ› አሉኝ።»

«እኔንስ ምን አሉ?»

«‹ልጁን ተይው፤ ጭቃው አሸዋ አለው› አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።»

ባለፈው ግንቦት፣ ሁለት ቀን ከዘነበ በኋላ፣ ዘንዘልማ ወረድሁ። ከማሳው የቀረችው ጥግ አሁንም አለች፤ ቦዩም አለ። ከሦስት ቦታ ጭቃ እየቆነጠርሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በሁለት ጣቴ መሀል ፈተግሁት። የራስጌውና የመሀሉ እንደ ሊጥ ልስልስ ነው። የቦዩ አሸዋ አለው።