የሊቀመንበሩ ሞተር
ጎፋ በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ የቤንዚንና የተሞረደ ብረት ሽታ አስቆመኝ።

በደርግ ጊዜ አባቴ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር መኪና ሞተር ግቢያችን ውስጥ ፈታው። እናቴ ከምትሠራበት የቀበሌ ሱቅ የስኳር ሚዛኑን በነጠላዋ ሸፍና አመጣችለት። ፒስተኖቹን ከነቢየላቸው፣ ማለትም ከተያያዙበት ዘንግ ጋር፣ እየመዘነ ከበድ ያለውን ይሞርዳል።

«አየሽ ልጄ፣ አንዱ ከጓደኞቹ ከከበደ ሞተሩን ይሰብረዋል» አለኝ።

የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ሳያንኳኳ ገባ።

«የሕዝብ ሚዛን እዚህ ምን ይሠራል?»

እናቴ ነጠላዋን ሚዛኑ ላይ ጣል አደረገች።

«ያስመጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷን ተዋት» አለ አባቴ።

አብዮት ጠባቂው አባቴን ይዞት ሄደ። እኔና እናቴ ሁለት ሌሊት በር በሩን ስናይ አነጋን። በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ መኪናው እንዲጠገንለት ፈልጎ አባቴን ራሱ መልሶ አመጣው።

«ስንት ቀን ይቀርሃል?» አለው።

የቀረው አንድ ፒስተን ብቻ ነበር።

«ገና ብዙ ነው፣ ጓድ» አለ አባቴ። ለምን እንደዋሸ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።