ለሽማግሌው ውሻ የቀጠነ መድኃኒት

ውሻችን ዕድሜውን የጨረሰው ጨፋ ካለው የማሽላ ማሳችን ላይ ጦጣና ከርከሮ ሲያባርር ነው። አንድ ክረምት እንደወጣ የኋላ እግሩን መጎተት ጀመረ። አባቴ "አርጅቷል፣ ምን ይደረግ" ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን አባቴን አውቀዋለሁ፤ ፊቱን የሚያዞረው ሲከፋው ነው። በእኛ ሰፈር መሮጥ ያቃተው ውሻ የጅብ ራት ነው።

በዚያው ሰሞን የአጎቴ ልጅ ህንድ አገር ትምህርቱን ጨርሶ ከሚሴ ገባ። ሻንጣው ውስጥ ከጤፍ ትንሽ የሚበልጡ ነጫጭ የስኳር እንክብሎች የሞሉበት ጠርሙስ ነበረው። ሕክምናው ሆሚዮፓቲ ይባላል፣ ለውሻም ይሆናል አለን። ቅመሙ በውሃ ይቀጥናል፣ እንደገና ይቀጥናል፣ በቀጠነ ቁጥር ኃይሉ ይበረታል ሲለን እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በውሃ የቀጠነ ወተት የሸጠችላትን ጎረቤት ዓመት ሙሉ አኩርፋት ነበርና፣ ለካ ሴትዮዋ ሐኪም ኖራለች አለች።

አባቴ አልሳቀም። ጉዳቱንና ጥቅሙን እንመዝን ብሎ አስቀመጠን። እናቴ ጣፋጭ የለመደ ውሻ ጓዳ ይገባል ብላ ሰጋች። የአጎቴ ልጅ ቅንጣት ጉዳት የለውም ብሎ ማለ። እኔ የከተማውን የእንስሳት ሐኪም ጠይቄ መጣሁ። እሱ የፈራው እንክብሉን ሳይሆን መጠበቁን ነበር፤ ጣፋጭ እየላሰ ሌላ ሕመም ውስጥ ውስጡን ቢበላውስ፣ ይልቅ አምጡልኝና ልየው አለ። ለማምጣት ደግሞ ውሻ የሚጭን ባለባጃጅ ጠፋ። በመጨረሻ አባቴ፣ "ሀ ታኡ፣ ይሁን። ከጁምዓ እስከ ጁምዓ እንሞክረው" ብሎ ፈረደ።

አሰጣጡ ጣጣ ነበረው። እንክብሉን እጅ ከነካው ኃይሉ ይጠፋል የሚል ሕግ ከህንድ አብሮ መጥቷል። በእኛ ቤት ደግሞ የውሻ ምራቅ የነካው እጅ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። ሁለቱ ሕጎች ሳይጣሉ ተስማሙ። እኔ በጠርሙሱ ክዳን ሰፍሬ ገል ላይ አፈሳለሁ፣ ውሻው ይልሳል፣ ማንም ማንንም አይነካም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሕክምና አይቼ አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ውሻው እግሩን መሬት አስረገጠ። በአምስተኛው ዶሮ አባረረ። የአጎቴ ልጅ ደረቱን ነፍቶ ባቲ ገበያ ላይ ለግመል ነጋዴዎች መድኃኒት ቤት ስለመክፈት ያወራ ጀመር። እናቴም ለጉልበቷ ሁለት ፍሬ ስትቅም ስይዛት እንዳልናገር ለመነችኝ።

ሐሙስ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በጊዜ ተመለስኩ። ከቤቱ ጀርባ አባቴ ቁጢጥ ብሎ እጁን በአፈር እያሸ ያጥባል። ውሻው አጠገቡ ተጋድሞ የኋላ መዳፉን ይልሳል። ከአባቴ አንገት የማይለየው ወረንጦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ደግሞ የጣት አንጓ የሚያህል ጥቁር የግራር እሾህ። በሦስተኛው ቀን ነው ያገኘው። እሾሁን ከውሻው እግር ነቅሎ፣ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መግሉን ሲጨምቅ ከርሟል። ያንን ውሻ ዕድሜውን ሙሉ በዱላ ጫፍ ካልሆነ ሲነካው አይቼው የማላውቅ ሰው!

"እንክብሉን ብቻ ይዘን ብንጠብቅ እግሩ በስብሶ ነበር" አለኝ ቀና ሳይል። "ለልጁ እንዳትነግሪው ታዲያ። ደስ ብሎታል።"

"በየቀኑ ሰባት ሰባት ጊዜ ስትታጠብ ነበር?"

"ውሃ መች ጠፋ" አለ።

አልነገርኩትም። የአጎቴ ልጅ ያንን ፈውስ ዛሬም ሰው ባገኘ ቁጥር ያወራል፣ እኔም በአዎንታ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ውሻው ሁለት ክረምት ተጨመረለት። የሞተ ቀን ይዘንብ ነበር። አባቴ ማንንም ሳይጠራ ተሸክሞት ማሳው ዳር ወሰደው፣ ራሱ ቆፍሮ ቀበረው። ሲመለስ ጀሪካኑን አንስቼ አስታጠብኩት። አፈሩን አሸ፣ እኔ እየቆጠርኩ አፈሰስኩ።

"ሰባት። አለቀ፣ አባ" አልኩት።

እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ስምንተኛውን አፈሰስኩለት።